የፕሮፌሰር አምኃ ርክክብ

በዚያ ዘመን ጡረታ የሚወጣ መምህር የሚያስረክበው የቢሮውን ቁልፍ ብቻ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ያስተማረው ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ስለሆነ ከአእምሮው ወጥቶ ለተተኪው ይሰጣል፤ እሱ ዘንድ አይቀርም። የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ፕሮፌሰር አምኃም አንድ ቀን አስረክበው፣ ባዶ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርሲት እንደ ወትሮው ሊያስታጥቧቸው ማንቆርቆሪያውን አነሱ። እንደ ወትሮውም የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኝ አሉ፤ ሁለተኛውን የሚመልሱት ሁልጊዜ ፕሮፌሰሩ ነበሩ።

«ጠመኔዬ አለቀ፣ ስምሽን ሳልጨርስ...»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ዘርግተው ውሃውን ብቻ ጠበቁ።

ወይዘሮ ትርሲት ክው አሉ። ግጥሙ አምኃ ለጋብቻ ሲጠይቋቸው የጻፉላቸው ነው። ኋላ ግን ኮርተውበት፣ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ በየዓመቱ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩት ነበር።

«ግሩም ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ ከልባቸው። «የማን ነው?»

«የአንድ ወጣት መምህር።»

«ልጅቷን ሳይወዳት አልቀረም።»

«በጣም ይወዳት ነበር» አሉ ወይዘሮ ትርሲት፤ ውሃውንም እጃቸው ላይ ቀስ አድርገው ያፈሱላቸው ጀመር።