የባዳው ክር

«እማዬ፣ አትንኪያት!»

የልብስ ሰፊዋ ጣቶች የጠወለገችውን አበባ ሊቀነጥሱ ደርሰው ባሉበት ይቀራሉ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጇ ዕፅዋት ከሚያድጉበት የመስታወት ቤት ማዶ ጥግ፣ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ እየሮጠች ትመጣለች።

«ምን አጠፋሁ? የሞተች መስላኝ ላነሣልሽ ነው እንጂ» ትላለች እናት፣ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ የፈካችውን ሌላዋን አበባ በአገጯ እያሳየች። «ያቺን አታይም እንዴት እንዳማረባት?»

«ተስፋዬ የጠወለገችው ናት። ያማረባት የሰጠኋትን ሁሉ አልወድም ብላ የተቀመጠች ናት።»

«አንቺን መስላለቻ!»

ልጅ ሳትወድ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ይነጥፋል። ዛፉ በአትክልት ስፍራው ከዘሩ የቀረ አንድ ብቻ ነው። ግንዱ ከውስጥ እየበሰበሰ ስለሆነ ለከርሞ አይደርስም። አበቦቹ ፍሬ ለማፍራት የራሱን የወንዴ ብናኝ አይቀበሉም። አንድ ጊዜ ልጅ እንቡጦቹን ሳይነቁ ከፍታ፣ ያንኑ የራሳቸውን ብናኝ ቀብታ አታልላቸው ነበር። ፍሬስ አፈሩ፤ ከፍሬው የበቀሉት ችግኞች ግን ቅጠላቸው ገርጥቶ፣ ወገባቸው ላልቶ፣ ከጉልበት ከፍ ሳይሉ አንድ በአንድ አለቁ።

«ለካ ሲነቁ የሚከለክሉት ዐውቀው ኖሯል» ትላለች። «ዘመድ ከዘመድ ቢወልድ ልጁ እንደማይበረታ፣ ዓይን የላት ጆሮ የላት፣ አበባ ይህን ታውቃለች እኮ! የገዛ ዛፏን ብናኝ ከደጅ ትመልሰዋለች።»

«ታዲያ ባዳ ፈልጊላታ።»

«ፈለግሁ። ከባሕር ማዶ አንድ ዛፍ ተገኘ፤ ብናኙ በበረዶ ታሽጎ መጣ። ለዚህችና ለእኅቷ ቀባሁ። ይቺ የጠወለገችው ተቀብላው ይሆናል፤ ታምማም ይሆናል። ለማወቅ እኅቷን ቆርጬ፣ በሚያበራ ቀለም ነክሬ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኋት። ብናኙ እንደ ክር ያለ ነገር አውጥቶ እስከ እንቁላሎቿ መውረድ ነበረበት።» ወደ ጠረጴዛዋ ትጠቁማለች። «ማየት ፈራሁ።»

«ክር ከሆነ ለእኔ ተይው። በክር አይደል ያሳደግሁሽ?»

እናት በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። ልጅ ከኋላዋ ቆማ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ የትኛውን መዘውር እንደምታሽከረክር ትነግራታለች። ከጨለማው ውስጥ የአበባዋ አንገት ብቅ ይላል፤ አናቱ ላይ ብናኙ እንደ ተበተነ ጤፍ ፈሷል።

«ውይ! ከየቅንጣቱ ወጥቷል። የሚያበራ ክር!»

«አናቷ ላይ ተቋጥሮ ቀርቷል ወይስ ይወርዳል?»

«አታዋክቢኝ፣ ልከተለው።»

ብዙው እመንገድ ላይ ደክሞ ቀርቷል። አንዱ ግን ይወርዳል። ዕድሜዋን ሁሉ ክር የመራችው ሴት፣ መርፌ ሳይመራው፣ እጅ ሳይስበው፣ በማያውቀው አገር መንገዱን የማይስት ክር አይታ አታውቅም። ትንፋሿን ውጣ ትከተለዋለች፤ ነጫጭ እንቁላሎቹ ተደርድረው ከተቀመጡበት ከታችኛው ጓዳ ትደርሳለች። እዚያ ክሩ እጥፍ ይልና በአንዷ እንቁላል ጠባብ በር አንገቱን ያስገባል።

«እማዬ? ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ!»

እናት ዓይኗን ሳታነሣ እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋና የልጇን ቀዝቃዛ መዳፍ ታገኛለች። በጣቷ ጫፍ ከእጇ አንጓ ጀምራ፣ በመዳፏ መሐል ቀስ ብላ መስመር ታወርዳለች፤ ከጣቶቿ ሥር ስትደርስ ታጥፈዋለች። ከዚያም የልጇን ጣቶች በላዩ ላይ አንድ በአንድ ትዘጋቸዋለች።