ሃያ ስምንት

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የጤና ተቆጣጣሪው ሰፈርተኛው «እማማ ድንቼ» ከሚላቸው ሴት የድንች ጥብስ ቤት ይገባል። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ያኖርና ብዕር የምታክል የዘይት ብልሽት መለኪያውን ምድጃው ላይ ከተጣደው መጥበሻ፣ ዘይቱ ውስጥ ይነክራል።

ዛሬም ሃያ ስምንት አነበበ።

«ሰባተኛ ሳምንታችን እኮ ነው፣ እማማ» አለ። «ደንቡን ነግሬዎታለሁ። ከሃያ አምስት በታች ከሆነ በዓመት አንዴ ነው የምመጣው። ካለፈ በየሳምንቱ። ሠላሳ ከገባ ግን ቤቱን አሽጋለሁ።»

«እኔን በዚህ ብትለካኝ ድሮ አሽገኸኝ ነበር» አሉና ወንበር ሳቡለት። «ቁጭ በል፣ ልጄ። ለመሆኑ ዘይት እንዴት ነው የሚበላሸው ያልከኝ?»

ስድስት ጊዜ አስረድቷቸዋል። ሰባተኛውን ጀመረ። ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ኦክስጅን ይገባበታል፤ መጀመሪያ ሽታው ይለወጣል፣ ቀጥሎ ለልብም ለጉበትም የማይበጁ ውህዶች ይፈጠሩበታል። የቆየ ፍርፋሪ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል።

እማማ ድንቼ አገጫቸውን ተደግፈው አዳመጡ። ቤቱ ጭር ብሏል። ደንበኛ በመስኮት ገዝቶ ይሄዳል እንጂ ገብቶ የሚቀመጥ የለም።

«ፍርፋሪውን ባወጣው ስንት ይወርዳል?»

«ይጣል ነው የምልዎት፣ እማማ። ዘይት ቸግሮዎት ከሆነ ልጆችዎ ይላኩልዎ።»

«ዘይቱንማ ይልካሉ። እነሱ ናቸው በዓመት አንዴ የሚመጡት።»

ተቆጣጣሪው መለኪያውን ጠርጎ ወደ ማኅደሩ መለሰ። እናቱን የሚያህሉ ሴት ላይ መጮህ አልፈለገም።

«ሰው እየመረዙ ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የቀረዎት። ይህን በር እኔ እንድዘጋው አያድርጉኝ።»

«ሠላሳ አይገባም።»

«በምን አወቁ?»

«አውቃለሁ።»

ግትርነቱ አናደደው። ቅጹ ላይ «ምክር አይሰሙም፤ ለደንበኛ ጤና ደንታ የላቸውም» ብሎ ጻፈ። እማማ ድንቼ መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡና ሳይከራከሩ ፈረሙ።

«ማክሰኞ እንግዲህ» አሉት፣ እስከ በር ሸኝተው።

ጥጉን እስኪታጠፍ ቆመው አዩት፤ ከዚያም ለደንበኛ አንድም ድንች ተጠብሶበት የማያውቀውን መጥበሻ ፀሐይ ወደሚገባበት የጓዳ መስኮት መለሱና፣ የሚሸጡትን የሚጠብሱበትን ድስት አምጥተው አዲስ ዘይት ከፈቱ።