ሥዕሉ ይቀድማል

የትነበርሽ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ውስጥ ኢንሳይክሎፒዲያ በሚያዘጋጅ ቢሮ አራሚ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1986 የሚወጣው ቅጽ ስለ ጂኖችና ስለ ፕሮቲኖች ስለነበር አለቃዋ የደንብ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፈላት። የጂን ስም ዘመም ባለ ፊደል፣ የፕሮቲን ስም በቀጥተኛ ፊደል ይጻፍ። የሕመምተኛ ስምም አገርም አይጠቀስ። የቤተሰብ የዘር ሐረግ ሥዕል ላይ ወንዱ ካሬ፣ ሴቷ ክብ ይሁኑ፤ የታመመው ይጥቆር፤ የሞተው ሰያፍ መስመር ይሰመርበት። አራሚም መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን፣ በመጨረሻ ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን ማስታወሻ ይመልከት።

ሌሎቹ አራሚዎች በደንቡ ይማረራሉ። እሷ ግን ወደደችው። እሷ በመጣችበት አገር ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰው ውሎ መግባቱ ያጠራጥራል። ስም የማይጽፍ መጽሐፍ ምን ይወጣለታል!

ታናሽ ወንድሟ ባዩ ከጦሩ ከድቶ መጥቶ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት ኦስዶርፕ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ተደብቋል። ሌሊት ወደብ ላይ መጋዘን ሲጠርግ ያድራል፤ ቀን ይተኛል። ከቤተሰቧ የቀራት እሱ ብቻ ነው።

በሁዳዴ ባዩ ትራም ለመያዝ ሲሮጥ ወደቀ። ሆስፒታል ወስደው ደም ቀዱት፤ የልቡን ምት ሊለኩ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉበት። ስሙን ሲጠይቁት የውሸት ስም ሰጥቶ፣ ውጤቱን ሳይሰማ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ጾሙ ነው የጣለህ» አለችው።

«ባለፈውም ሰዓቱ ጮሆ ሲቀሰቅሰኝ ወድቄ ነበር እኮ።»

«ባዶ ሆድህን ብድግ ስትል ነዋ! አርፈህ ሽሮህን ብላ።»

ከፋሲካ በኋላ አበጋዝ የሚባሉ ሽማግሌ ከጸሎት ስትወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቋት። ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጥቁር ደብተር ይዘዋል።

«አስተርጓሚ ነኝ ልጄ። አባትሽ በስንት ዓመታቸው ነው ያረፉት?»

«በሠላሳ አምስት። ጉግስ ሲጫወቱ ወድቀው። ምነው?»

«አጎቶችሽስ?»

የሞተ ሰው አይታሰርም ብላ ነገረቻቸው። አንዱ ወንዝ ሲዋኝ፣ አንዱ ሰርግ ላይ ሲጨፍር ሞቱ። አያቷም እንደዚያው በድንገት ነው የሞቱት። ሽማግሌው ሁሉንም ጻፉ።

«ወንድምስ አለሽ? መልኩ አንቺን የሚመስል?»

የትነበርሽ ክው አለች። «እርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምክንያቱን እንድናገር አልተፈቀደልኝም። ለእሱው ብዬ ነው።»

ለእሱው! አዲስ አበባ በር ሲያንኳኩ የነበሩትም ሰዎች እንዲህ ነበር የሚሉት። ኤምባሲው ጆሮ እንዳለው ማን ያጣዋል?

«ነበረኝ» አለች። «በሁዳዴ መጨረሻ ሞተ።»

አበጋዝ ደብተሩን ከደኑ። «ዘገየሁ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። የአዞ እንባ፣ አለች በሆዷ።

በዚያው ቀን ኦስዶርፕ ሄደች። የኮሪደሩን ስልክ በረጅም ሽቦ ስባ ከባዩ ትራስ አጠገብ አስቀመጠችው፤ የደወሉንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

«ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍት። ሰውየው የመጣ ዕለት እኔ ደውዬ አስነሣሃለሁ።»

«እሺ እቴ» አለ ባዩ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ለወራት አንድም ቀን መደወል አላስፈለጋትም። ኅዳር ላይ አንድ ረፋድ ግን አበጋዝ ያንኑ ግራጫ ካፖርት ለብሰው፣ ከአንድ ረጅም ሆላንዳዊ ጋር ከአለቃዋ ክፍል ወጡ። እስከ ሥራ ቦታዋ ተከትለዋታል ማለት ነው! ሳያዩዋት በደረጃው ወረዱ።

አለቃዋ መጥቶ አንድ ገጽ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«የዚያ አሁን የወጣው የልብ ሐኪም ጽሑፍ ነው። ሽማግሌው የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ናቸው፤ የቤተሰቡን ታሪክ የሰበሰቡለት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ይታረም።»

በደንቡ መሠረት ከሥዕሉ ጀመረች። ከላይ አንድ ካሬ፤ ጥቁር፣ የተሰመረበት። ከሥሩ ሦስት ካሬዎች፤ ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም የተሰመረባቸው። ከእነሱ ሥር አንዲት ነጭ ክብ። ከክቧ ጎን የመጨረሻው ካሬ፤ እሱም ጥቁር፣ እሱም የተሰመረበት።

ስም የለም። አገር የለም። ደንቡ በአንድም ቦታ አልተጣሰም። የትነበርሽ ግን ነጯ ክብ ማን እንደሆነች አወቀች። ያችን የመጨረሻዋን መስመር በገዛ አፏ ያሰመረችው እሷ ናት።

ወደ ጽሑፉ ዞረች። «ይህ የጂን ጉድለት ልብን በድንገት ያቆማል። በየቀኑ የምትወሰድ አንዲት ክኒን ግን ሕመምተኛውን በሕይወት ታቆያለች።»

ባዩ አልሞተም! ይድናል! ስልኩን አፈፍ አድርጋ የኦስዶርፕን ቁጥር አዞረች። ጠራ። ሁለተኛ ጠራ። ተነሣ፣ ተነሣ የኔ ወንድም፣ አለች እንባዋ እየወረደ። ሦስተኛ ጠራ። ዓይኗ ከሥዕሉ ግርጌ ባለችው ማስታወሻ ላይ አረፈ።

«የዚህ ቤተሰብ ሕመምተኞች ተኝተው ሳለ ድንገተኛ የደወል ድምፅ ሊገድላቸው ይችላል።»