ፕላስተር የተለጠፈበት ካሴት

አሶሳ በሚገኘው በአዲሱ ክልል ማስታወቂያ ቢሮ ካሜራማን ልቀጠር ብሎ የናሙና ቪዲዮ ካሴቱን ያመጣው ወጣት፣ ቴሌቪዥኑን ትቶ የኃላፊውን ፊት ነበር የሚያየው።

«አዳራሽ፣ ጭብጨባ፣ ሪባን። ይሄንማ ማንም ይቀርጸዋል» አሉ ኃላፊው፣ የድሮ አስተማሪው። «አሶሳ የታለች?»

«መምህር፣ እባክዎ እስኪያልቅ ይዩልኝ። ሌላ ሥራ የለኝም።»

ማጫወቻውን ሊያጠፉ እጃቸውን ሲዘረጉ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ዙምባራ የሚባለውን ረጅም የቅል መለከት ሲነፉ ታዩ። ከፊት ያሉት አንድ ሽማግሌ፣ ጉንጫቸው እንደተነፋ፣ ወደ ካሜራው በዓይናቸው ጠቀሱ። ኃላፊው እጃቸውን ሰበሰቡ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ካሴቱ አለቀ።

«ይሄ ነው እንጂ! ለምን መጨረሻ ላይ ደበቅከው? ሙሉውን ነገ ይዘህ ና፤ ሥራው ያንተ ነው።»

ወጣቱ ካሴቱን ከማጫወቻው አውጥቶ ጠርዙ ላይ ያለውን ፕላስተር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሌላ እንዳይቀዳበት ብሎ አምና ራሱ ሰብሮ ያወጣት ትንሽ ፕላስቲክ የነበረችበትን ቀዳዳ፣ በአሶሳ ሱቆች ባዶ ካሴት ሲያጣ፣ ትናንት ናሙናውን ሊገለብጥበት የሸፈነበት ፕላስተር ነው።

«ሙሉው እዚሁ ላይ ነበር፣ መምህር። ስብሰባውን ቀዳሁበት።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ሰዎቹን እንደገና ቅረጻቸዋ።»

«ያ የጠቀሰው አባቴ ነው» አለ። «በክረምቱ ቀበርነው።»

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ፕላስተሩን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ።