በጥርሴ የያዝኩት ሽቦ

በቀኝ እጄ መበየጃውን፣ በግራዬ የሰርኪት ሰሌዳውን ይዣለሁ፤ ለብየዳ ሽቦው የተረፈው ጥርሴ ነው። አስተማሪያችን ይህን ቢያይ ከቤተ ሙከራ ያባርረኛል። ግን እሱ እዚህ የለም፤ ያሉት እናቴና ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ናቸው። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን መርፌ በከንፈራቸው ይዘው የኖሩ ልብስ ሰፊዎች ስለሆኑ፣ ነገሩ ጨዋ አሠራር ይመስላቸዋል።

በጠረጴዛው በአንዱ ጫፍ የእናቴ የስፌት መኪና፣ በሌላው የአክስቴ፣ መሃል ላይ እኔ። ከምሳ በኋላ የመመረቂያ ሥራዬን ለፈታኞች አቀርባለሁ፤ ክር ሲበጠስ የስፌት መኪናውን ሞተር የሚያቆም መሣሪያ ነው። የቀረችኝ አንዲት ዕቃ ብቻ ናት።

ትናንት እናቴ ያችኑ ዕቃ በጣቷ ጫፍ አንስታ፣ "ይቺ ጢንዚዛ ደግሞ ምንድን ናት?" ብላኝ ነበር። ጥቁር፣ አራት እግር ያላት፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ናት።

"ኦፕቶካፕለር ትባላለች።"

"ሬዚስተር፣ ካፓሲተር ስትይ ከርመሽ አሁን ደግሞ ይቺ መጣች?"

"እነሱ ሀሁ ናቸው እማዬ። ይቺ ከዚያ ወዲያ ናት። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ኃይለኛ ነው፣ የኔ ሰርኪት ደግሞ ቀጭን። ከተነካኩ የኔው ይቃጠላል። ግን መነጋገር አለባቸው። ስለዚህ በይቺ ሆድ ውስጥ አንዱ ወገን ትንሽ መብራት ያበራል፣ ሌላው ወገን ብርሃኑን አይቶ የተባለውን ያደርጋል። ሽቦ አያገናኛቸውም።"

እናቴ ጢንዚዛዋን ገለባብጣ አየቻት። "ምስኪን፣" አለች። "የሁለት ወገን ነገር ስታመላልስ ልትኖር።" አስቀመጠቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አክስቴ ከማዶ መቀሷን ሳታቆም፣ "ንገሪያት፣ ጨርቁን አዙራ ትስፋ በያት፤ በግልባጩ ነው የያዘችው" አለች።

ነገርኳት። አዞረችው።

ሁለቱ እህትማማቾች ካልተነጋገሩ ከርመዋል። የጠባቸው ምክንያት እናቴ የቆረጠችው የአንድ ካፖርት እጅጌ ነው፤ አጠረ፣ አላጠረም። ባለቤቱ ካፖርቱን ለብሶ፣ አመስግኖ ሄዷል፤ እጅጌው ግን እዚህ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እናቴ "እትዬ" ስትላት የኖረችውን እህቷን "አክስትሽ" ትላታለች፤ አክስቴ ደግሞ እናቴን "እሷ" ትላለች። አንዷ የምትለውን ሌላዋ ጥርት አድርጋ ትሰማለች። እኔ ካልደገምኩት ግን እንደተባለ አይቆጠርም።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ልምምድ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። ስለ ሻንጣዬ ተወርቷል፣ ስለ ብርድ ልብሴ ተወርቷል። እኔ ስሄድ ማን ይደግምላቸዋል የሚለውን ግን እስካሁን ያነሳ የለም።

አሁን የጢንዚዛዋን መቀመጫ ሰሌዳው ላይ እየበየድኩ ነው። ራሷ ጢንዚዛዋ የሸሚዝ ቁልፎች በሚቀመጡበት ጣሳ ክዳን ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። እናቴ ረጅም ስፌት ትለቃለች፤ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ክዳኑም አብሮ። ጢንዚዛዋ ሽርተት እያለች ወደ ጠርዙ ስትሄድ በዓይኔ ጥግ አያታለሁ። እጄ ተይዟል። ትወድቃለች።

እናቴ ስፌቷን ጨርሳ እግሯን ወደ ወለሉ ትመልሳለች፤ መኪናው ይቆማል። አክስቴ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ታያለች።

"ንገሪያት" ትለኛለች፣ "ጢንዚዛሽ ፔዳሏ ላይ ወድቃለች።"

"እምም" እላለሁ።

"ንገሪያት እንጂ!"

"እምምም!"

እናቴ አልሰማችም። አለመስማቷ እንዲታወቅላት ጨርቁን ታስተካክላለች፣ መርፌውን ታወርዳለች፣ እግሯን ከወለሉ ታነሳለች። ያ እግር ዕድሜውን ፔዳል ሲረግጥ የፈጀ ነው፤ ቀስ ብሎ ማረፍ አልተማረም። ጢንዚዛዋን ያገኘኋት ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነው፤ የመጨረሻዋ ናት ብለው ነው የሰጡኝ።

አክስቴ እኔን ታያለች፣ እግሩን ታያለች።

"አንቺ! እግርሽን እንዳታሳርፊ!"

እግሩ አየር ላይ ይቀራል።

እናቴ ወደ እኔ ትዞራለች፤ እንድደግምላት ነው የምትጠብቀው። ሽቦውን እንደነከስኩ ትከሻዬን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ።

"ለኔ ነው?" ትላለች ወደ ጣሪያው እያየች።

"ሌላ እግሩን የሰቀለ ሰው እዚህ ቤት አለ?"

እናቴ ጥቂት እንደሰቀለችው ትቆያለች። ከዚያ በቀስታ ከፔዳሉ አሳልፋ ወለሉ ላይ ታሳርፈዋለች።

"እትዬ" ትላለች። ድምጿ ዘይት እንዳልነካው በር ይንቋቋል። "ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። መነጽርሽን አድርጊና አንቺ ፈልጊያት።"

"ታናሽ ነኝ ስትይ ኖረሽ ዛሬ ወገብ መጣብሽ?"

"እጅጌ ስቆርጥ ነው የጎበጥኩት።"

"አጭር እጅጌ!"

"አላጠረም አልኩሽ!"

ሁለቱም ጠረጴዛው ሥር ይገባሉ። የሚታየኝ ሁለት ጀርባ ብቻ ነው። "ወዲያ በይ፣ ጋረድሽኝ።" "እሱ ቁልፍ ነው።" "ይሄ የኔ የጣት ቆብ አይደል እንዴ? እዚህ ነው የደበቅሽው?" "ማን ደበቀው!"

ብየዳው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ መልሻለሁ፣ ሰሌዳውንም አስቀምጫለሁ። ሁለቱም እጆቼ ሥራ ፈትተው ጭኔ ላይ ናቸው።

"ንገሪ..." ትላለች አክስቴ ከሥር፣ ከዚያ ትተወዋለች። "አንቺን እኮ ነው፣ ጉልበትሽን አንሺ። አገኘኋት።"

ሽቦውን አሁንም በጥርሴ እንደያዝኩ ነኝ።