የበረኛው ተንኮል

በሰፈራችን ክለብ ውስጥ እንደ ሱራፌል ወሬኛ አልነበረም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ድንገት ዝም አለ። ልምምድ ይመጣል፣ ይሮጣል፣ ለማንም ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ኮች እንኳን ጠይቆት ጠይቆት ደከመው።

እኔ በረኛ ነኝ፣ ምክር የት አውቃለሁ? ጎል ሲያገባ ደስ ይለው ይሆናል ብዬ ተንኮል ጀመርኩ። ሪጎሬ ሲመታ ኳሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ። አንዴማ እየተንከባለለች የመጣችውን በእግሮቼ መሀል አሳለፍኳት።

"አንተ ወንፊት!" እያሉ ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሱራፌል ግን አልሳቀም። ትክ ብሎ አየኝ።

ዛሬ ኮች ክንዴን ይዞ ዳር ወሰደኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ማን? እኔ?"

"አትደብቀኝ። ቤት ሰላም ነው? እንቅልፍስ ትተኛለህ?"

ሳቄ መጣ። "እማዬ ትሙት፣ ምንም አልሆንኩም!"

"እንደዚህ ብለህ እንደምትክድም ነግሮኛል።"

"ማን ነው የነገረህ?"

"ሱራፌል ነዋ። 'በረኛችን ልክ አይደለም፣ ብቻውን እንዳትተወው' እያለ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈብኝ።"