እጄን አትመልሰው

«እማዬ፣ አባባ ለምንድን ነው ከምግብ በፊት እጁን የማይታጠበው?» አለችኝ ልጄ ትርሲት አንድ እሁድ።

ሁላችንም ዓይናችን ውስጥ ሌንስ ከተተከለልን ወዲህ፣ ከቤቱ የሚወጣ ሰው በሌንሱ የሚታይ ምስሉን ትቶ መሄድ ይችላል። ምስሉ ያወራል፣ ይስቃል፣ የሚበላም ይመስላል። ሌንሱ እንደ መነጽር አይወልቅም። እኔ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ከባሌ ከደምሰው ጋር የምንገናኘው ምሳ ላይ ብቻ ነው።

የዚያን እሁድ ሽሮው እንደቀረበ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልኩ።

«በሞቴ!» አልኩት።

«ጠግቤያለሁ።»

«ገና ሳትጀምር?»

«ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ፍቅር ጠናብሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የራሱ የደምሰው ሳቅ ነበር።

«አፈር ስሆን! እጄን አትመልሰው።»

አፉን ከፈተ። ጉርሻው በአገጩ ውስጥ አልፎ ወንበሩ ላይ ወደቀ። እሱ ግን ያላምጥ ነበር።

«ይጣፍጣል» አለኝ።

ትርሲት ታየኛለች። ያን ጊዜ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እሷንስ በእጄ የነካኋት መቼ ነው? ፀጉሯን ራሷ መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩ።

«ኧረ እማዬ፣ ይሄ እኮ ለሁለት ሰው ነው!»

«ዝም ብለሽ ጉረሺ።»

ጎረሰች። ጣቴንም አብራ ነከሰችው። በጣም አመመኝ፤ ተመስገን አልኩ።

ደምሰው ሄዷል። ትርሲት ከእኔ ጋር ቀርታለች።